ፀሐይዋ ናት ወይስ ዘንጉ?

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ቆቦ ግቢያችን ውስጥ ዘንግ ተክለው በጥላው ርዝመት የከሰዓቱን ሶላት ይለዩ ነበር። ዘንጉን ምስጥ ከሥሩ እየበላ ያሳጥረዋል። ታዲያ አዲስ ሲተክሉ አሮጌውን ወዲያው አይነቅሉትም፤ ለቀናት ጎን ለጎን አቁመው ጥላቸውን ያስተያያሉ። «አሮጌው ሳይመሰክርለት አዲሱ አይታመንም» ይሉ ነበር።

በደርግ ጊዜ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር እኛ ቤት ተከራይቶ ነበር። አንድ ቀን ከሬዲዮ የሰማውን አወራቸው፤ «አባባ፣ ፈረንጆች የፀሐይን ጉልበት በሳተላይት ይለካሉ። ካለፉት ዓመታት ትንሽ ቀንሷል አሉ።»

«የደከመችው ፀሐይዋ ናት ወይስ መለኪያው? ሰማይ ላይ ምስጥ ባይኖር ሐሩሩ ራሱ ይበላው የለ?»

መምህሩ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው።

«አሮጌው መለኪያ ሳይወድቅ አዲስ ከጎኑ ይሰዳሉ?» አሉት አያቴ።

«እሱን እንጃ፣ አባባ።»

«ጠይቅልኝ እንጂ፣ ልጄ!»

መምህሩ ሳይጠይቅ ተዛወረ። መልሱን ከብዙ ዓመት በኋላ መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አሮጌው ሥራውን ሳይጨርስ አዲሱን ይልካሉ፣ አብረው ይለካሉ። የምነግራቸው አያቴ ግን የሉም።

ባለፈው ወር አዲስ ዘንግ ተከልኩ። የሳቸውን ምስጥ ጨርሶታል፤ ለኔው ዘንግ የሚመሰክርለት የለም።