ጫማው የተገኘበት ገደል

ሀሲባ ወሎ ውስጥ ሐይቅ ዳር የተወለደች ሴት ናት፤ ውሃ አያስደንቃትም። ደሴ አገባች፣ ካርቱም ስደት ላይ ከረመች፣ ከዚያ ሚኒያፖሊስ ገባች። ብሉሚንግተን ባለ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ታጥፋለች። ቁጣዋ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይበርዳል። እኔ የባሏ የሀዚም እህት ነኝ። እንጀራዬ መዝገብ መጠበቅ ስለሆነ ያየሁትን ካላየሁት ለይቼ መጻፍ ለምዶብኛል። ወንድሜ ሲሞት ያየ ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደይ መጀመሪያ ነበር። ሀዚም ከአውሮፕላን ማረፊያው ታክሲ ይነዳል። አንድ ቀን ወደ ዱሉት የሚሄድ በረራ ያመለጠው መንገደኛ፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ካለ ማረፊያ ቤት አድርሰኝ ብሎ ለመነው፤ አደረሰው። ሲመለስ፣ ወደ ሐይቁ ዘልቆ ከገባ ትልቅ የቋጥኝ አፋፍ ላይ መኪናውን አቁሞ ወረደ። በማግስቱ ፖሊሶች ያገኙት የተቆለፈ ታክሲ ነው፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የተቀመጠ ጫማ። የጫማው አፍንጫ ወደ ውሃው ዞሯል። ሬሳ የለም። ጫማውን አውልቆ እንዲህ አስተካክሎ ያስቀመጠ ሰው ራሱን ነው የወረወረው አሉን፤ ጫማውንም በወረቀት ከረጢት አድርገው ሰጡን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። ሸህ ያህያም አመነቱ። እሳቸውም ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በተከራየነው ምድር ቤት የሚያሰግዱን ግን እሳቸው ናቸው። ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገደውን የጀናዛ ሶላት “ራሱን ገድሎ እንደሆነ እስኪጣራ እንቆይ” ብለው አቆዩት። ሀሲባ ይህን ስትሰማ ከሥራ ቀሚሷ ሳትወጣ ቤታቸው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

“ሸህ ያህያ፣ ሀዚም ሲሰግድ ጫማውን የት ነው የሚያስቀምጠው?”

“ከፊቱ ነዋ። ደሴ መስጊድ በር ላይ ከተሰረቀ ወዲህ ዓይኑ ካላየው መች ይሰግዳል! ስንቴ ሳቅሁበት።”

“ወዴት ዞሮ ነው የሚሰግደው?”

እዚህ አገር ቂብላ፣ ሲሰገድ የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ያጨቃጭቃል። ካርታ ያየ መካ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ናት ይላል፤ ሉል ያየ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይላል።

“እሱማ የካርታ ሰው ነው፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ። ምድር እንቁላል ናት ብዬ ባስረዳው፣ ‘ታዲያ እርስዎ እንቁላል ላይ ነው የሚሰግዱት?’ አለኝ። ወላሂ፣ መልስ አጣሁለት።” ሳቁና ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡት።

“ገደሉ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከሆነ፣ ጫማው ጫፉ ላይ ነው የሚሆነው። የዐስርን ሶላት ሊሰግድ ነው የወረደው።”

“መስገጃ ምንጣፉስ፣ እህቴ? ጫማ ተገኘ እንጂ መስገጃ አልተገኘም።”

“ታክሲው ውስጥም የለም። ይውሰዱኝና ቦታውን ልየው።”

“ሩቅ እኮ ነው፤ እኔም ሥራ …”

“ማክሰኞ ኦፍ ነዎት። ሚስትዎን ጠይቄያለሁ።”

ማክሰኞ ሄድን። ሀሲባ መንገዱን ሙሉ ስለ ሀዚም አወራች። የክረምት ጎማ ሳይቀይር ፋሲካ እንደሚደርስበት፣ ሬዲዮ ከፍቶ እንደሚተኛ፣ ለመጪው ወር አዲስ ጃኬት እንደምትገዛለት ነገረችን። ሸህ ያህያ በመስታወቱ አሻግረው አዩኝ፤ እኔ ወደ መንገዱ ዳር ጥድ ዞርኩ።

ሐይቅ ይበሉት እንጂ ማዶ የለውም። ገደሉ ቀይ ነው፣ አናቱ ራቁት ድንጋይ፤ ቁራዎች ከእግራችን በታች ይበራሉ። ነፋሱ ከኋላችን ወደ ውሃው ይገፋል። ቦታውን ሳየው ሀሲባ ያለችው ልክ ነበር፤ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከገደሉ ጫፍ ወዲያ ባዶ ነው።

አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት በሦስት እግር የቆመ ትልቅ መነጽር ገደሉ ላይ ደግና ተቀምጣ ነበር። በበጎ ፈቃድ ጭልፊቶችን የምትከታተል ናት። ጎብኚዎች መስለናት አጫወተችን። ጭልፊቶቹ በፀረ ተባይ መድኃኒት አልቀው ለብዙ ዓመት ከዚህ ጠፍተው ነበር፤ አሁን ተመልሰው፣ ወደ ጎን በሚታጠፈው የገደሉ ፊት ላይ እንቁላል ታቅፈዋል። ድሮ በኅዳር ማዕበል መርከቦች ከነዚህ ቋጥኞች ጋር ይላተሙ ነበር አለች፤ ውሃው በጣም ስለሚቀዘቅዝም የሰጠመ ሰው አይንሳፈፍም። ይህን ልተረጉምላት ስጀምር ሀሲባ ክንዴን ያዘችኝ።

“ተዪው፣ ገብቶኛል።”

አሮጊቷ ግን ቀጠለች። ሰዎች ለወፎቹ አይጠነቀቁም ብላ አማረረች፤ ይኸው ከጎጆው አጠገብ ምንጣፍ ጥለዋል። መነጽሩን ወደዚያ አዞረችው።

ሀሲባ ጎንበስ ብላ አየች።

“አረንጓዴ ነው” አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። “ጠርዙ ቀይ። እናታችሁ ከሐጅ ያመጣችለት።”

እኔም አየሁት። ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች ትንሽ ጥድ ይዛዋለች። ነፋሱ አንድ ጫፉን ያነሳዋል፣ መልሶ ያስተኛዋል፤ ሰው አሁን ከላዩ የተነሳ ይመስላል። ጭልፊቷ ከጎኑ ተቀምጣ ወደ እኛ ታያለች።

“ነፋስ አንስቶበት ነው” አሉ ሸህ ያህያ በዝግታ። “ሊይዘው ሲል …”

“ሶላቱን ጨርሶ ይሆን?” አለች ሀሲባ።

“አላህ ያውቃል።”

ማውጣት ይቻል እንደሆነ አሮጊቷን ጠየቅኳት። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እስኪበሩ ድረስ ወደዚያ መውረድ ለማንም አይፈቀድም አለች። የማን እንደሆነ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ወንበሯን አንስታ ራቅ አለችልን።

ሸህ ያህያ በያዙት ውሃ ለሶላት ታጥበው ዉዱእ አደረጉ። “አውፍ በይኝ፣ እህቴ፤ ጠርጥሬው ነበር። ተሰልፉ፣ እንስገድለት።”

“ለማን?” አለች ሀሲባ።

“ለሀዚም ነዋ።”

“እኔ ራሱን አልገደለም ነው ያልኩት” አለች። “ሞተ አላልኩም።”

ሸህ ያህያ መሬት ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ስለ ጫማው ስትሟገት፣ ከሙግቱ ወዲያ ያለውን ሞት አንድ ቀን እንኳ እንዳላየችው ያኔ ገባኝ። እኔ አይቼው ነበር፤ ከእሷ ወግኜ መሟገቱ ይሻለኝ ስለነበር ሳላነሳባት ቀረሁ። ሀሲባ ደጋግማ በመነጽሩ አየች። ከዚያ የሸህ ያህያን ውሃ አንስታ እሷም ዉዱእ አደረገች።

“ይቁሙ” አለች።

የጀናዛ ሶላት መጎንበስ የለውም፤ ከተቆመ ቆሞ ማለቅ ነው። ሸህ ያህያ “አላሁ አክበር” ሲሉ ጭልፊቷ ተነሥታ እየጮኸች ከራሳችን በላይ ዞረች። ሶላቱን ጨርሰው ሲያሰላምቱ ሀሲባ ቁጭ አለች። አንሶላ እንደምታጥፍ ሁሉ የነጠላዋን ጫፍ እያጠፈች፣ እየዘረጋች፣ እንደገና እያጠፈች አለቀሰች።

“ዒዳሽ፣ የሐዘን መቆያሽ፣ ከዛሬ ይቆጠራል” አሏት ሸህ ያህያ ስንነሣ።

“አውቃለሁ።”

ወደ መኪናው ስንሄድ ወደኋላ ቀረች። ተመልሼ ምን እንደሆነች ጠየቅኳት።

“የጠራኝ መስሎኝ ነው።”

“ነፋስ ነው፣ ሀሲባዬ።”

“ነፋስ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?” አለችና ፊቷን ወደ ውሃው እንዳዞረች ቀረች።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ሸህ ያህያ መኪናውን አስነሥተው ነበር። ጥቂት ጠብቀው፣ እንዳይረብሻት ሞተሩን መልሰው አጠፉት።