ይቅር የማይባል ነጥብ

ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ባለች የፓድል ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ እዳኛለሁ። ፓድል በመስታወት በታጠረ ሜዳ ውስጥ ሁለት ለሁለት የሚጫወቱት የቴኒስ ዓይነት ጨዋታ ነው። ጥሩ ዳኛ ነኝ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ሕጉ አይከብድም፤ የተሳደበ፣ በንዴት ኳስ የለጋ ወይም ራኬቱን የወረወረ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ከደገመ ነጥብ ይቀጣል፤ ነጥቡም ለተጋጣሚው ይሰጣል። የሚከብደው የእኛ ሰው ነው። ቀጥቼ ሳልጨርስ ሽማግሌ ይላክብኛል። አንድ ጊዜማ ተሰዳቢው ራሱ «እኔ ከማርኩት አንቺ ምን አገባሽ?» ብሎኛል። ያገባኛል እንጂ!

ታላቅ ወንድሜ ፓድል የጀመረው ስኳር አለብህ ከተባለ በኋላ ነው። ላፍቶ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። ወላጆቻችን ሲያልፉ እኔን ለማስተማር ብሎ ትምህርቱንም እግር ኳሱንም ተወ፤ ዋንጫ የሚባል ነገር አግኝቶ አያውቅም። በሜዳችን ውድድር ለፍጻሜ ያለፈ ለት «ይቺን ሱቄ ውስጥ ካላስቀመጥኳት!» እያለ ልጅ ሆኖ ዋለ። ለፍጻሜው ሌላ ዳኛ ስላልነበረ ሁለቱም ወገን ተስማምተው የዳኛው ወንበር ላይ ወጣሁ።

ወንድሜ ገና በጊዜ አንድ ኳስ በንዴት ከአጥር ውጭ ለጋ፤ አስጠነቀቅኩት። ገላመጠኝ። በኋላ ደግሞ ቀላል ኳስ መረብ ላይ ሰካና ተጋጣሚዎቹ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀራቸው። ያኔ ማሰሪያውን ከእጁ አውልቆ ራኬቱን መስታወቱ ላይ ወረወረው።

 እጄን አንስቼ ፈረድኩ። «ሁለተኛ ጥፋት፣ የነጥብ ቅጣት። ጨዋታው አልቋል።»

ለምልጃ ቀድመው የመጡት አሸናፊዎቹ ናቸው። አንዱ «ስለ ገብርኤል ተይው፣ ታላቅሽ እኮ ነው!» አለኝ። ሌላው «ወላሂ አልተቀየምንም፣ ነጥቧን አንፈልጋትም» አለ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን ነጥቧ የእነሱ አልነበረችም እንዲመልሷት። ሜዳው ዳር የተቀመጡ አንድ አዛውንትም ኮታቸውን ቆልፈው ለሽምግልና ተነሱ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ፤ ይህንን ያስለመደኝ ወንድሜ ራሱ ነው። ማልቀስ አማረኝ፣ ከወንበሬ ግን አልወረድኩም።

ወንድሜ ራኬቱን አንስቶ ወደ አማላጆቹ መጣ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«አትድከሙ» አላቸው። «ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እንኳን ለእኔ፣ አባታችን ቢነሳም አትመልስም።»

ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨዋታ ሲያልቅ ዳኛ መጨበጥ ደንብ ነው። አጥብቆ ያዘኝ፤ ቶሎም አልለቀቀኝ።