ሬዲዮው «ጎበዞች!» ሲል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። ትናንት ክፍል ውስጥ፣ አስቀድሞ የተቀዳ የሬዲዮ ትምህርት ስልኬ ላይ ከፍቼ ከትንሽ ስፒከር ጋር አገናኘሁት። ድምፁ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ጥቂት ሙዚቃ አሰማና «ጎበዞች! ትክክል ነው!» አለ።

ልጅ ሆኜ አምበር ከተማ ስማር መምህር ይሁኔ ትምህርት የምንከታተልበትን ሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያሞቁት ነበር። ካልሞቀ ትምህርቱ ሳያልቅ ድምፁ ይሰልላል። አንድ ቀን ሬዲዮው «የታጠበ ልብስ ሲደርቅ ውሃው የት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ። ብድግ አልኩና «ልብሱ ይጠጣዋል!» አልኩ። ሬዲዮው ቆየት ብሎ «ጎበዞች! ትክክል ነው!» አለ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልኝ።

መምህር ይሁኔ ሬዲዮውን ዘጉት።

«ጋሼ፣ ትምህርቱ ያመልጠናል እኮ!» አለች የክፍል አለቃችን። እውነቷን ነው፤ ስርጭቱ አንዴ ካለፈ አይደገምም።

«ያምልጥ! እሱ መናገር እንጂ መስማት አያውቅም» አሉ። ከዚያ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉና ጠሩኝ። «ና፣ እስኪደርቅ ቆመህ እይ። ሰሌዳው ይጠጣው እንደሆነ ትነግረኛለህ።»

እኔ ከሬዲዮው ጋር የተጣሉ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ የተሳሳተ መልስ ሰጥታ፣ ስልኩ «ጎበዞች!» ሲላት ፈገግ ብላ ቁጭ አለች። ስልኩን አቆምኩትና ወደ እሷ ሄድኩ። የእኔ ስልክ ካቆመበት ይቀጥላል። የመምህር ይሁኔ ሬዲዮ ግን አይጠብቅም ነበር።