የጋለ ጎማ

ጋሽ ወንዳወቅ በቡሬ መውጫ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ጎሚስታ ሆነው ኖረዋል። ነገረኛ ሰው አይደሉም፤ ደንበኛ ያለውን ይፈጽማሉ። የዛሬ ወር ግን እምቢ አሉን።

አስራ አራት ተሳፋሪዎች ነበርን። ከቡሬ በታች ካለው የአባይ በረሃ ወጥተን ወደ ፍኖተ ሰላም እንቸኩላለን። ወጣቱ ሾፌራችን ዘመኑ ወርዶ የኋላውን ጎማ በዱላ መታ። የመንገዳችን ሾፌሮች ጎማ የሚለኩት በዱላ ነው፤ ድምፁ ከረር ካለ ንፋስ ያስቀንሳሉ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ያስተንፍሱልኝ፤ ሊፈነዳ ነው» አለ።

ጋሽ ወንዳወቅ በመለኪያ አዩት፤ ሰባ። ጠዋት ሲወርድ በስልሳ የሞሉለት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«አይሆንም። ግሎ ነው እንጂ ንፋስ አልተጨመረበትም። ውስጥ ያሉት የአየር ቅንጣቶች ሲሞቁ ይፈጥናሉ፣ ጎማውን አብዝተው ይደበድቡታል። ሲበርድ ይመለሳል። አሁን ካስተነፈስኩት ሲበርድ ይለሰልስብሃል፤ የለሰለሰ ጎማ ደግሞ ጭነት ሲያርፍበት እየታሸ ይግልና ይቀደዳል።»

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ይህንኑ አስራ አንድ ዓመት በጠመኔ ስጽፍ ኖሬያለሁ። «እውነታቸውን ነው» ማለት ነበረብኝ። ተሳፋሪው «መሸብን እኮ!» እያለ ሲጮህ ግን አፌን ዘጋሁ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

«እንግዲያው ማዶ ያለው ጎሚስታ ያስተነፍስልኛል» ብሎ ዘመኑ ሞተሩን አስነሳ።

ጋሽ ወንዳወቅ ከመኪናው ፊት ቆሙ። ጥሩምባ ነፋባቸው፤ አልተንቀሳቀሱም።

«ልጄ፣ የአባትህን ጎማ ያስተነፈስኩት እኔ ነኝ።»

ሁላችንም የዚያ መንገድ ተመላላሾች ነን። የዘመኑ አባት ከስምንት ዓመት በፊት ከቡሬ እንደወጣ ጎማ ፈንድቶበት መሞቱን የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም።

«ግሎ ነበር። ቀንስልኝ አለኝ፣ ቀነስኩለት። አላወቅሁም። በኋላ ልጄ ያምሮት ከትምህርት መጽሐፏ ስታነብልኝ ነው የገባኝ። አንተን ባየሁ ቁጥር ልነግርህ እያልኩ ፈርቼ ቀረሁ።»

ዘመኑ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ቸኮልኩ ያለ ሰው የለም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ጋሽ ወንዳወቅ መለኪያውን ዘረጉለት። «እኔን አትመነኝ፤ ራስህ ለካው።»

ለካው። ማንም ያልነካው ጎማ ስልሳ አንድ አሳየ። ዘመኑ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው።

«አንድ ሰዓት ብቻ» አለ፤ «አባቴ አንድ ሰዓት ቢቆይ ኖሮ።»