ላሚቱን የተከተላት ሰው
ቤንዚን በተወደደበት ዓመት፣ በአሜሪካ፣ በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ህንዳዊ ሽማግሌ፣ በትውልድ መንደሩ ኮረብታ ላይ ስላለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ በምሳ ሰዓት ይተርክልኝ ጀመር። አንዲት ላም በየማለዳው ኮረብታውን ወጥታ ወተቷን በአንድ ድንጋይ ላይ ታፈስ ነበር፤ ባለቤቷም አንድ ቀን ተከተላት። «ማን አየ? ማስረጃ የሌለው ተረት ነው» ብዬ አቋረጥሁት። ታሪኩን ሳይጨርስ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ዘንዶው ጻድቁን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ እንዳወጣቸው ለልጄ ስነግራት፣ «እና፣ አባዬ፣ ማን አየ?» ብላ ሳቀችብኝ። በንዴት እራቴን ተውሁ።

ሰኞ ታሪኩን እንዲጨርስልኝ ሽማግሌውን ለመንሁት። «ተረት እኮ ነው» አለኝ፣ የምሳ ዕቃውን እየከደነ። የላሚቱ ባለቤት ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አላውቅም።