የአባዬ ተራ

ከምንከራየው ቤት ጀርባ ጠላ ቤት አለ። ጠዋት ጠዋት አሻሮው ሲቆላ፣ ጌሾው ሲወቀጥ ሽታው በመስኮት ይገባና፣ ጎንደር መሆኔን አስረስቶ ካርቱም ሳጃና ሰፈር ወደነበረው ጠባብ ግቢያችን ይወስደኛል፤ እርጥብ ኬሻ የተጠቀለለበት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አጠገብ ያቆመኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ፖሊስ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እየተሳሳቀ ሲጠጣ አየሁትና ደሜ ፈላ። ሰውየው ምንም አላጠፋም። ያናደደኝም እሱ ነው፣ ምንም አለማጥፋቱ።

በልጅነቴ አባዬ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነበር። ማኅበርተኞቹ ዘጠኝ ወንዶች ነበሩ፤ ግማሾቹ እንደ አባዬ አርካዊት ሰፈር በሰው ቤት ምግብ የሚያበስሉ፣ ግማሾቹ ትንንሽ ሱቅ ያላቸው። ሥራ በማይገባበት ዓርብ ተራ በደረሰው ሰው ቤት ይሰበሰቡና፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያቸው ጋሽ ተፈራ ጽዋውን ከፍ አድርጎ «ይህ ጽዋ የሁላችን ነው» ሲል ሁሉም «የሁላችን ነው» እያሉ ይቀበሉት ነበር። ጠላ መጥመቅም መጠጣትም በአገሩ ሕግ የሚያስገርፍና የሚያሳስር ወንጀል መሆኑን ከእነሱ መካከል የማያውቅ አልነበረም። ለሚካኤል ከሆነ ግን ሚካኤል ይጠብቀናል ይሉ ነበር። ተራው የወንዶቹ ነበር፣ ጠማቂዎቹ ግን ሚስቶቻቸው ነበሩ።

ብርዱ ሲገባ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ተራው የአባዬ ሆነ። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠምቅ ሰነበተች፤ ጌሾውን ስትወቅጥ ድምፁ እንዳይሰማ ከሙቀጫው ሥር ብርድ ልብስ ታነጥፍ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኞቹ በግቢው ዙሪያ ተቀምጠው፣ ጸሎቱ ገና ሳያልቅ፣ አንድም ጣሳ ሳይቀዳ፣ የሰፈሩ ልጆች «ከሻ! ከሻ!» እያሉ በመንገዱ ሲሮጡ ሰማን። የፖሊስ አሰሳ ሲመጣ ሁልጊዜ እንደዚያ ይጮሁ ነበር። ለመሸሽ ግን ጊዜ አልነበረም፣ የብረቱ በር በእርግጫ ተከፈተ።

መኮንኑ በርሜሉን ከፍቶ አሸተተና፣ ዙሪያውን አይቶ «ዲ ሐጋት ሚኑ?» አለ። የማን ነው ማለቱ ነው። አማርኛዬ ከዓረብኛዬ የሚያንስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብሆንም መልሱን አውቀው ነበር፤ በየወሩ ስሰማው ያደግኩት ነውና። ጋሽ ተፈራን አየሁት፣ ጫማውን ያያል። ሌሎቹም መሬት መሬት ያያሉ። አባዬን አየሁት። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ካለፈበት ቆይቶ ነበር፤ አፉን ከከፈተ ታስሮና ተገርፎ ከዚያ ድንበር ላይ እንደሚጣል ያውቃል። እሱም እማዬን አያት። ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ ልረሳውም አልፈልግም።

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ሐጋቲ አና» አለች። የእኔ ነው።

መኮንኑ ለማመን አልተቸገረም። ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ሐበሻ ሴት ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረችም። ዘጠኙ ወንዶች ምንም ስላልቀመሱ ተገላምጠውና ተሰድበው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ እማዬ በፒክአፕ ተጫነች። አርባ ጅራፍና አምስት ወር እስር ፈረዱባት።

ብርዱን ሙሉ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የሴቶች እስር ቤት የምትወስደኝ ግድግዳ የምንጋራት ሐጃ ሱዓድ ነበረች። በዕድሜዋ መጠጥ በአፏ ያልዞረ፣ የጌሾው ሽታ በግድግዳው ሲያልፍ አፍንጫዋን የምትይዝ ሴት ነበረች። በየሳምንቱ ፉል በክዳን ዕቃ ይዛ በሩ ላይ ትቆምና «ያ ቢቲ፣ ያላ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» ትለኝ ነበር፤ ልጄ፣ ነይ እንሂድ ማለቷ ነው። አባዬ አልመጣም፣ በሩ ላይ ወረቀት ይጠይቃሉ። ማኅበርተኞቹም አልመጡም፤ አንዱ ሥራ፣ አንዱ ጉንፋን፣ አንዱ «ነገሩ ይብረድ» ነበረው።

በመጀመሪያው ቀን እማዬ አልተቀመጠችም። «እማዬ ተቀመጪ» አልኳት። «ቆሜ ይሻለኛል፣ ስቀመጥ ነው የዋልኩት» አለችኝ። ሐጃ ሱዓድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከእማዬ ጋር የታሰሩትን ሴቶች አየኋቸው፦ ጠማቂዎች፣ አረቄ አውጪዎች፣ መንገድ ዳር ሻይ ሲሸጡ የተያዙ፣ ጡት የሚያጠቡም ነበሩባቸው። ሲሰርቁ ወይ ሰው ሲገድሉ የተያዙ ይኖሩ ይሆናል፣ እኔ ግን አላጋጠሙኝም። የሚጠጡት ወንዶች በአውቶቡስ ቤታቸው ገብተው፣ የጠመቁላቸው ሴቶች እዚያ ነበሩ። ፍርድ የሚባለውን ነገር ያኔ ነው የናቅኩት፣ እስካሁንም ያ ንቀት አልለቀቀኝም። እማዬ ግን ልንወጣ ስንል «አባትሽ ይበላል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በእሷም ተናደድኩ።

ሀቡብ መነሳት ሲጀምር፣ አቧራው ሰማዩን ቀይ ባደረገበት ቀን ተፈታች። ማኅበርተኞቹ ዳቦና ስኳር ይዘው፣ ነጠላ ለብሰው መጡ። ጋሽ ተፈራ ደረቱን ይዞ «እህቴ፣ ሚካኤል ፈተነሽ፣ ፈተናውንም አለፍሽ» አላት።

«ሚካኤልን እንኳ አላየሁትም፣ ጋሽ ተፈራ» አለች እማዬ በትሕትና። «እርስዎን ግን አይቼዎታለሁ።»

ዳቦውን አልነካችውም፣ ለሐጃ ሱዓድ ዶሮዎች በተንኩት። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ማኅበሩ እንደገና ተጀመረ፤ እማዬ ግን ከዚያ ወዲህ ጌሾ በቤቷ አላስገባችም፣ አባዬም ተራ እንዲሰጠው አልጠየቀም። እየተከባበሩ ኖሩ። ያ ዓርብ በቤታችን አንድም ቀን አልተነሳም።

ዓመታት አልፈው ሕጉ ተለወጠ፤ ክርስቲያን በቤቱ ቢጠጣ ወንጀል አይደለም ተባለ። አባዬ ሬዲዮኑን ታቅፎ «ተፈቀደ!» እያለ ሲገባ እማዬ ምስር ትለቅም ነበር፣ ቀናም አላለች። ተሳስተን ነበር ያላት የለም። እሷን የገረፈው ሰውዬም ጡረታ ወጥቶ የልጅ ልጆቹን ያጫውት ይሆናል። ከዚያም ጦርነቱ መጣና ሁላችንንም ከሳጃና አወጣን፤ ሐጃ ሱዓድ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ፖሊሱ ጠላውን ሲጠጣ ባየሁበት ምሽት፣ እራት ላይ፣ የልጅነቴን ጥያቄ አውጥቼ ጣልኩት።

«አባዬ፣ ያ በርሜል የማን ነበር?»

አባዬ አርጅቷል። ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰና «የእኔ ነበር። ተራው የእኔ ነበር» አለ።

እማዬ የውኃውን ጆግ ወደ እሱ አስጠጋችለት።

«አሁንማ ማንም ይለዋል» አለች።

ከግድግዳው ጀርባ ጠጪዎቹ ይስቁ ነበር፣ እኛ ሦስታችን እራታችንን ጨረስን። ያን ዓርብ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች። ከብዙ ዓመት በኋላ እውነቱን ያለ ፍርሃት የተናገረው አባዬ ነው፤ እኔ ግን አልተጽናናሁም።