የክለቡ ልጆች

እኔና ጓደኛዬ ኳስ የጀመርነው ከቀሃ ወንዝ ማዶ ባለው ሜዳ ነው። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ከተማው የራሱ ክለብ ነበረው፤ ክለቡም የጎንደርን ልጆች የሚያሳድግበት ሁለተኛ ቡድን አቋቁሞ ነበር። እኔ ተከላካይ ነበርሁ፤ እንደ እኔ ያለ ተከላካይ በየሰፈሩ ሞልቷል። የእሱ ግራ እግር ግን ሌላ ነበር። ኳስ ይዞ በመስመሩ ሲወጣ አሳዳጁ ደክሞት ይቆማል እንጂ አይደርስበትም።

አባቱ የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጃቸው ቅኔ ቤቱን ትቶ ሜዳ መዋሉን አልወደዱትም፤ እሱም ከጨዋታ ሲመለስ አቧራውን ወንዝ ላይ ታጥቦ ነበር ቤት የሚገባው። በመጨረሻ የክለቡ ሊቀመንበር ራሳቸው አባቱ ዘንድ ሄዱ። ሰውየው በከተማው የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። እኔና ጓደኛዬ በሩ አጠገብ ቆመን እንሰማለን።

“የኔታ፣ ልጅዎን ለእኔ ይስጡኝ” አሉ። “ክለቡ ሰው ያደርገዋል። ነገ ይህን ከተማ የሚያስጠራው እሱ ነው።”

የኔታ ቤታቸው ድረስ መጥቶ የለመናቸውን ትልቅ ሰው እንቢ ማለት ከበዳቸው መሰለኝ፣ አደራ ብለው ልጃቸውን መርቀው ሰጡ።

ከዚያ በኋላ ክለቡ ውስጥ ያልሠራነው ሥራ የለም። የግቡን ቋሚ ተሸክመን እንተክላለን፣ መስመሩን በኖራ እናሰምራለን፣ ጭቃውን እንጠርጋለን። ሊቀመንበሩ በየጊዜው ሰብስበውን፣ መጪው ዓመት የእናንተ ነው ይሉናል። መጪው ዓመት ሲመጣ ግን የአስመራው አውቶቡስም ይመጣል። ከውስጡ የራሳቸው ታኬታ ያላቸው፣ ጸጉራቸውን ቅባት የተቀቡ ተጫዋቾች ይወርዳሉ። ፒያሳ ሆቴል ይያዝላቸዋል፤ ሻንጣቸውን እስከዚያ የምናደርስ እኛ ነን። ጥሩ ጥሩዎች ነበሩባቸው፤ ይህን አልክድም። አንዳንዱ ግን ጉልበቱ አልቆ፣ ሩጫ ሰልችቶት፣ ለማረፍ የመጣ ይመስል ነበር።

አንድ ጊዜ ዝናቡ ያለ ጊዜው ገብቶ ሊማሊሞ ላይ መንገዱ ተናደ። አውቶቡሱ ደባርቅ ሳይደርስ ቀረ። ከደሴ የመጣው ቡድን ግን ሜዳ ላይ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ቸገራቸውና ጓደኛዬን አሰለፉት። መጀመሪያ ከግራ ያሻማውን ሌላ ተጫዋች አገባው፤ ከዕረፍት በኋላ ራሱ አገባ። ሕዝቡ ተሸክሞት እስከ ጃንተከል ዋርካ ሄደ። እኔም ከሥር ከተሸከሙት አንዱ ነበርሁ፤ አሁንስ ቀናን አልሁ።

መንገዱ ተጠገነ፣ አውቶቡሱ መጣ፣ ጓደኛዬም ከእኔ ጎን ተመልሶ ተቀመጠ። በእሱ ቦታ የገባው ሰው አናቱ የተመለጠ ነበር። ሁለታችን ሊቀመንበሩ ሱቅ ድረስ ሄድን። አልተቆጡም። ወንበር ሰጥተው ሻይ አዘዙልን፤ ገና ልጆች መሆናችንን፣ ፍሬ ሳይበስል እንደማይለቀም አስረዱን። ሻዩን ጠጥተን፣ እጅ ነሥተን፣ አመስግነን ወጣን። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

በዚያው ሰሞን አዘዞ የነበሩ ወታደሮች ያቋቋሙት ቡድን ጓደኛዬን ፈለገው። ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ እንደሚያሰልፉት ነገሩት። ክለቡ ግን መልቀቂያ ከለከለው፤ የእኛ ልጅ ነው፣ ያሳደግነውን ለሰው አንሰጥም አሉ። ልጫወት ሲል ልጅ ነህ፣ ልሂድ ሲል የእኛ ነህ። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ልምምድ ላይ ሲሮጥ ከርሞ አንድ ጨዋታ ሳይሰለፍ አለፈ።

የኔታ ይህን ሲሰሙ ነጭ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ ጭራቸውን ይዘው ሱቁ ሄዱ። እኔ ነበርሁ ያደረስኋቸው።

“ልጄን ለምነው ወስደውታል። ካልሠሩበት ይመልሱልኝ” አሉ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው፣ “የኔታ፣ እሱ እኮ አሁን የክለቡ ነው። ትንሽ ይታገሡ” ብለው መለሱ።

“እኔ የሰጠሁዎ አደራ ነው። የማይሠሩበትን አደራ አልመልስም ማለት ግን ቅሚያ ነው።”

ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ። የኔታ ጥቂት ቆመው ጠበቁ፤ የሚመልስላቸው ሲያጡ ወጡ።

መስቀል እንዳለፈ ጓደኛዬ በጭነት መኪና ተሳፍሮ አስመራ ገባ። እዚያ መልቀቂያ የጠየቀው አልነበረም። ብዙ ሳይቆይ ከደኅና ቡድን ጋር እንደሚጫወት ሰማን።

በሚቀጥለው የውድድር ወቅት ሊቀመንበሩ ሸጋ የግራ ክንፍ ፈልግ ብለው ሰው ወደ አስመራ ላኩ። ሰውየው ጠይቆ አጠያይቆ ይዞት የተመለሰው ጓደኛዬን ነው። ሊቀመንበሩ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው አቅፈው ሳሙት። የአባቱ ቤት ከፒያሳ ቁልቁል እየታየ እሱም ሆቴል ተያዘለት።

“ምነው እሺ አልህ?” አልሁት ክፍሉ ገብቼ። ተናድጄ ነበር።

አልጋው ላይ ተቀምጦ ታኬታውን ይቦርሻል። “በዚህ ሜዳ መጫወት አምሮኝ ቀርቶ ነበር” አለኝ። “ከአስመራ ካልመጣሁ የሚያሰልፈኝ አልነበረም።”

በማግሥቱ ተጫወተ፤ አሸነፍን። እኔ ከመስመሩ ውጭ ተቀምጬ፣ ከኋላዬ ያሉ ልጆች “የአስመራው! የአስመራው!” እያሉ ሲጠሩት እሰማለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ሁለተኛውን ቡድን ሰበሰቡና እጃቸውን በጓደኛዬ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው፣ “አያችሁ? አስመራ ያሳደገው እንዲህ ይጫወታል። ከእሱ ተማሩ” አሉን። ይናገር ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁ። ጎንበስ ብሎ የታኬታውን ክር ይፈታል።

ማታ አብረን እራት የበላነው የኔታ ቤት ነው። የኔታ ሜዳ ሄደው አያውቁም። ለማን ተጫውተህ ነው የመጣኸው ብለው ጠየቁት። ለጎንደር አላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

እሱ ወደ አስመራ ሲመለስ እኔ ማልያዬን ለመጨረሻ ጊዜ አጥቤ ለዕቃ ጠባቂው አስረከብሁ። ተቀብሎ ከሌሎቹ ላይ ጣለው። ወዴት ነህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።